ስለ ልብስ ማድረቂያው ሞተር፤ መዋጮው ለምን ይቅር እንላለን



በአዳራሹ ጥግ የቆመው አሮጌ የልብስ ማድረቂያ መኪና ሞተሩ ከተቃጠለ ወዲህ አንዳንድ አባላት «ከያንዳንዱ ሰው የሁለት ወር መዋጮ ተሰብስቦ አዲስ ሞተር ይገባለት» እያሉ ፊርማ በየቤቱ በማዞር ላይ እንደሚገኙ ደርሰንበታል። ፊርማ ማዞር መብታቸው ነው። ሌላው አባል ግን ዝም ብሏል። ዝምታው እንደ ስምምነት ተቆጥሮ ነገ ገንዘቡ እንዳይጠየቅ፣ እኛ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች አሳባችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ በግልጽ እናስቀምጣለን። መዋጮው ይቅር።

በመጀመሪያ ስለ ስጦታው። መኪናውን በጅቡቲ በኩል በኮንቴይነር የላከልን ሚኒሶታ የሚኖር የሰፈራችን ልጅ ነው። ተዕዚያ በተቀመጥን ቁጥር የአፎሻውን ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍና አንሶላ የሚያጥቡት እናቶቻችን መሆናቸውን አስቦ ላከው። አላህ ይስጠው፣ ዕድሜውን ያርዝመው። «ሞተሩ ካልተገዛ ልጁ ይቀየማል» የሚለው ወሬ ግን ከየት እንደመጣ አናውቅም። ልጁ ብርድ ልብሱ ይድረቅ አለ እንጂ እናቶቼ ለሞተር ገንዘብ ይክፈሉ አላለም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። «ሞተሩ ያረጀ ስለሆነ ተቃጠለ፣ አዲስ ቢገባ ይሠራል» ይባላል። መኪናው ማርጀቱ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ይህ መኪና የተሠራው ለአሜሪካ መብራት ነው። የእነሱ መብራት 120 ቮልት ሆኖ 60 ሳይክል ነው፤ ከባድ መኪና ሲሆን ደግሞ ሁለት መስመር አጣምረው 240 ያደርጉታል። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ሳይክል ነው። የመኪናው ማሞቂያ በ240 የሚሠራ በመሆኑ በኛ መብራት ጥቂት ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል፣ እሱ ችግር የለበትም። ሞተሩ ግን የ120 ነው። ስለዚህ በትራንስፎርመር ተቀጠለ። እንግዲህ ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ሳይክሉን አይነካውም። በደቂቃ 1,725 ጊዜ እንዲዞር የተሠራ ሞተር በ50 ሳይክል ወደ 1,440 ይወርዳል፤ ከስድስት እጅ አንዱን አጣ ማለት ነው። ፍጥነቱን ሲያጣ ደግሞ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፣ ሽቦው ይግላል። ቀስ ብሎ እየዞረ፣ እየጋለ፣ በላዩ የግንቦት ሙቀትና የሰፈራችን አቧራ ተጨምሮበት ምን ይሁን? ተቃጠለ። ያንኑ ዓይነት ሞተር ከአሜሪካ ብናስመጣ እሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ሁለተኛ መዋጮ፣ ከዚያ ሦስተኛ መዋጮ!

«እንግዲያው ሽቦው ለ220 እንደገና ይጠምጠም» የሚሉ አሉ፤ ከቀረቡት አሳቦች ሁሉ የተሻለው ይኸኛው መሆኑን አንክድም። ድሬዳዋ ሞተር ጠምጣሚ አታጣም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከገባባት ጊዜ ጀምሮ የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ብረት ሠሪ፣ ቶርነሪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያፈራባት ከተማ ናት። የሞያተኞቹን እጅ አንጠራጠርም። ሆኖም ጠምጣሚው ሞተሩን ቢያድነው እንኳ ሳይክሉ ያው 50 ነውና ማራገቢያው በዝግታ እንደዞረ ይቀራል፣ ማሞቂያውም መብላቱን አይተውም። የዚህ ዓይነት መኪና ማሞቂያ አምስት ኪሎዋት ያህል ይወስዳል። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ደግሞ በአንድ ሰዓት አይበቃውም። መኪናው ሲነሳ የአዳራሹ አምፑል እንዴት ይደበዝዝ እንደነበር ያየ ሁሉ ያስታውሳል። ለሞተሩ አንድ ጊዜ ይዋጣ፤ ለቆጣሪውስ በየወሩ ማን ሊያዋጣ ነው?

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ሦስተኛው አሳብ ነው። «ታይዋን ገበያ ወርደን ያገለገለ የልብስ ማጠቢያ ሞተር በርካሽ ገዝተን እናስገባለት» የሚባለው። ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የማድረቂያ ሞተር እንደማንኛውም ሞተር አይደለም። ዘንጉ በሁለት በኩል ይወጣል፤ በአንዱ በኩል ቀበቶ ይዞ ልብስ ያለበትን በርሜል ያዞራል፣ በሌላው በኩል አየር የሚነዳውን ማራገቢያ ያዞራል። በዚህ ላይ በሞተሩ ጎን አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። ሞተሩ መዞሩን ጀምሮ ፍጥነት ሲይዝ ይህች ማብሪያ ለማሞቂያው መብራት ትለቅለታለች፤ ሞተሩ ሲቆም ትቆርጥበታለች። ማለትም አየር ሳይኖር እሳት እንዳይኖር የምትጠብቅ ዘበኛ ናት። ከገበያ የሚመጣው ሞተር ይህች ማብሪያ የለችውም፣ ዘንጉም አንድ ወገን ብቻ ነው። «ታዲያ ማሞቂያውን በቀጥታ እናስረዋለና!» የሚል መልስ ተሰጥቶናል። ይህ መልስ እንዴት እንዳስደነገጠን መደበቅ አንችልም። ቀበቶው ቢበጠስ፣ ሞተሩ ቢነክስ፣ ማሞቂያው እንደነደደ ይቀራል ማለት ነው። ብርድ ልብስ ሲደርቅ የሚያራግፈው የጨርቅ ብናኝ ደግሞ እንደ ጥጥ ነው፣ ክብሪት አይፈልግም። ይህ መኪና በተሠራበት በአሜሪካ እንኳ፣ ዘበኛዋ በቦታዋ እያለች፣ ማድረቂያ ቤት ያቃጥላል፤ ለቃጠሎው ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙም ብናኙን አለመጥረግ ነው። በኛ አዳራሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ድንኳኑ፣ ምንጣፉ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ የሠላሳ ዓመት መዝገቡ። ሁሉም ከመኪናው አሥር እርምጃ አይርቅም። የፊርማው አስተባባሪዎች ይህን ለፈራሚው ነግረውታል ወይ? አልነገሩትም።

«ክረምት ሲገባስ?» ተብለናል። ዝናብን የምንንቅ ሰዎች አይደለንም፤ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ነፍስ ሲወስድ ያየ አገር ዝናብን አይንቅም። ነገር ግን ዝናባችን የሚያልፍ ዝናብ ነው፣ አዲስ አበባ እንዳለው ቀኑን ሙሉ እያካፋ የሚውል አይደለም። ሌሊት ቢዘንብ ረፋድ ላይ መሬቱ ነጭ ይሆናል። ጠዋት የተሰጣ አንሶላ ተዙሁር ሰላት በፊት ይታጠፋል፤ ብርድ ልብስም አመሻሹን አይሻገርም። አላህ ይህን ፀሐይ በነጻ የሰጠን ሕዝብ ሆነን ፀሐይን በኤሌክትሪክ ልንተካ መዋጮ ስንሰበስብ ሰው ቢሰማን ምን ይለናል? ለሚኒሶታ በረዶ መኪናው ትክክል ነው። ለዋሂል ግን የሚሻለው ገመድ ነው።

ደግሞም እናቶቻችንን ጠይቃችኋል ወይ? እኛ ጠይቀናል። አንዷም «ማድረቁ አቃተኝ» አላለችም። የሚያደክማቸው ውሃው ነው። ለአንድ ተዕዚያ ልብስ ስንት ጀሪካን እንደሚገባ፣ ጀሪካኑም በማን ጀርባና በማን አህያ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ውሃው ከመጣ በኋላ መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ ብርድ ልብስ ማሸትና ሁለት ሆኖ መጭመቅ አለ። ወገባቸው የሚቆረጠው እዚያ ላይ ነው። ፊርማውን የሚያዞሩት ወንድሞቻችን አንድም ቀን ብርድ ልብስ ጨምቀው የሚያውቁ አይመስለንም (ጨምቄያለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረን፣ ደስ ይለናል)።

ስለዚህ መዋጮ የግድ ከሆነ ለዚህ ይሁን እንላለን፦ ከአዳራሹ ጣራ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ የሚይዝ አንድ ሮቶ፣ ቆመው የሚያጥቡበት የሲሚንቶ ገንዳ፣ ከጓሮው ግንብ እስከ በረንዳው የሚዘረጋ የብረት ገመድ። ገመዱ ገሚሱ ከበረንዳው ቆርቆሮ ሥር ስለሚያልፍ ካፊያ ቢመጣም ልብሱ ወደዚያ ይገፋል። ጣራው አለ፣ አሸንዳው አለ፣ ግንበኞች ከአባሎቻችን መካከል አሉ።

መኪናውን በተመለከተ፣ ይጣል አላልንም። ከመብራት ተነቅሏል፤ ትራንስፎርመሩም በጽሕፈት ቤቱ ተቆልፎበታል። የተቃጠለው ሞተር መዳብ ካለው በሚዛን ይሸጣል፤ በርሜሉንና ቆርቆሮውን የሚፈልግ ብረታ ብረት ሠሪ ካለ ዋጋውን በጽሑፍ ያቅርብ። የሚገኘው ገንዘብ በደረሰኝ ወደ ሮቶው ሒሳብ ይገባል፣ ለልጃችንም ምን እንደተደረገበት በድምፅ መልእክት ይነገረዋል።

ጉዳዩ የፊታችን እሑድ ከአስር ሰላት በኋላ በአዳራሹ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል። እናቶች ለራሳቸው እንዲናገሩ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ፊርማ ስታሰባስቡ የሰነበታችሁም ወረቀታችሁን ይዛችሁ እንድትገኙ፣ ማሞቂያውን በቀጥታ አስራለሁ ያለውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛም ይዛችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ዋሂል