አንድ ቴርሞሜትር ስለ መላው ከተማ አይመሰክርም

ራዲዮ «የአዲስ አበባ ሙቀት ይህን ያህል ዲግሪ ነው» ሲል እንሰማለን። ነገር ግን የትኛዋ አዲስ አበባ? እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል፤ አቃቂ ግን 2100 ሜትር ገደማ ነው። አየር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ በሁለተኛ ደረጃ ተምረናል። እንግዲያው በእንጦጦ ጋቢ የደረበውና በአቃቂ ኮቱን ያወለቀው ሰው በአንድ ቁጥር እንዴት ይጠቃለላሉ?

ልዩነቱ የከፍታ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሉክ ሃዋርድ ለንደን በሌሊት በዙሪያዋ ካለው ገጠር ይልቅ እንደምትሞቅ ለክቶ፣ በ1818 እ.ኤ.አ. ማሳተም በጀመረው መጽሐፉ አስረድቷል። አስፋልትና ድንጋይ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ይመልሱታል፤ ዛፍና ሣር ግን ውሃቸውን እያተነኑ አየሩን ያበርዳሉ።

የመለኪያ ደንቡ ቴርሞሜትር ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በነጭ ሳጥን ውስጥ፣ ከሕንጻ ርቆ በሣር ሜዳ ላይ ይቀመጥ ይላል። ደንቡ መልካም ነው፤ የአንዱን ቦታ አየር ከሌላው ጋር ለማነጻጸር ያስችላል። ይሁን እንጂ ሕዝባችን የሚኖረው በሣሩ ሜዳ ላይ ሳይሆን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው።

ዝናቡም እንደዚሁ ነው። ፒያሳ ሲዘንብ ቦሌ ፀሐይ መሆኑን የማያውቅ የለም። 1 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ በእንጦጦ ግርጌ 30 ሚሊሜትር ቢዘንብ በ1 ሄክታር ላይ ብቻ 300,000 ሊትር ይወርዳል። በቀበና ወንዝ ዳር ለሚኖረው ድኻ የሚጠቅመው ከራሱ በላይ ምን ያህል እንደ ዘነበ በጊዜው ማወቅ እንጂ፣ የሩቁ ሜዳ ቁጥር አይደለም።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። በየሰፈሩ ያሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ቴርሞሜትርና አንድ የዝናብ መለኪያ ይኑራቸው፤ ተማሪዎቹ በየቀኑ ጧት በ3 ሰዓት ይመዝግቡ፤ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መዝገቡን ሰብስበን እናስላ። «የተማሪ ንባብ ስሕተት አያጣውም» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ግን ስሕተቱ ከዋናው ጣቢያ ንባብ ጋር እየተመሳከረ ይታረማል። ያልተመዘገበ ዝናብ ግን በምንም አይታረምም።

ሥራው ቀላል ነው። የሚከብደው በበዓልና በዕረፍት ቀን እንኳ አለማቋረጡ ነው። በዚህ ለመጽናት የተዘጋጀን ከሆነ ከመጪው ክረምት በፊት እንጀምር።