በጃኬት ጀርባ ላይ የተጻፈ ሒሳብ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ አገር እየተነሡ ጀርመንን ይደበድቡ የነበሩ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን ጭፍሮች ቡናማ የቆዳ ጃኬት ይለብሱ ነበር። «ኤ-2» የተባለው ይህ ጃኬት በ1931 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መደበኛ ልብስ እንዲሆን የተመረጠ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰፋው ከፈረስ ቆዳ ነበር። መንግሥት ሲያድለው ጀርባው ባዶ ነው። ወጣቶቹ ግን ሥዕል የሚያውቅ ጓደኛ እየፈለጉ የአይሮፕላናቸውን ስም፥ የቆንጆ ሴት ወይም የአውሬ መልክ፥ እንዲሁም ለፈጸሙት ዘመቻ ሁሉ አንዳንድ ትንሽ ቦምብ ያስሥሉበት ነበር።

ዛሬ እነዚህ ጃኬቶች በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ተሰቅለዋል፤ በሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ቦምቡ ሳይቀር የተሣለባቸው አምሳያዎችም ለጌጥ ይለበሳሉ። አንባቢ ሆይ፥ የእነዚያ ትንንሽ ቦምቦች ትርጉም ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ቦምቧ የመትረፍ ምልክት ናት። አንድ ወታደር ወደ አገሩ ለመመለስ 25 ዘመቻ መፈጸም ነበረበት፤ በ1944 ቁጥሩ ወደ 30፥ ኋላም ወደ 35 ከፍ ተደረገ። ኦክቶበር 14 ቀን 1943 ሽቫይንፉርትን ሊመቱ ከሄዱት መካከል፥ እያንዳንዳቸው አሥር ያህል ሰው የያዙ 60 አይሮፕላኖች በአንድ ቀን ጠፍተዋል። ከእንግሊዝ ይዘምት የነበረው ስምንተኛው የአየር ጦር በጦርነቱ ከ26,000 በላይ ሰው ሞቶበታል። እንግዲህ የሃያ ዓመት ልጅ አንዲት ቦምብ ባስጨመረ ቁጥር «ዛሬም አለሁ» ማለቱ ነበርና ማንም ሊያፌዝበት አይገባም።

ነገር ግን እያንዳንዷ ቦምብ የወደቀችበት ቦታ አለ። በፌብሩዋሪ 1945 የእንግሊዝና የአሜሪካ አይሮፕላኖች ድሬስደንን ሲደበድቡ 25,000 ያህል ሰው አልቋል። በ1943 መጨረሻ አንድ አሜሪካዊ አየር ወታደር፥ አይሮፕላናቸው የተሰየመበትን «ነፍስ ግድያ ኩባንያ» የሚል ቃል በጀርባው እንደ ተሸከመ በጀርመን ተማረከ፤ ናዚዎቹም ፎቶግራፉን አንሥተው ለፕሮፓጋንዳ ተጠቀሙበት። ዋርሶንና ሮተርዳምን ያቃጠሉ ሰዎች ፈራጅ ለመሆን አፍ አልነበራቸውም። ሆኖም ከላይ ላለው ቀልድ የነበረው፥ ከታች ላለው ቀልድ አልነበረም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ በ1935 ደሴ ከአየር ስትደበደብ ከታች የነበሩት ቅድመ አያቶቻችን ናቸውና ይህን ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያሻንም።

«ጦርነቱ ትክክለኛ ነበር» የሚሉን አሉ። ናዚነት መሸነፍ እንደ ነበረበት እኛም እናምናለን። የዓላማው ትክክለኛነት ግን የሟቾቹን ቁጥር አይሰርዝም።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው። ሥዕሎቹ አይፋቁ፤ አይሸፈኑም። ሙዚየሞች ግን ከየቦምቡ ጋር የተመታውን ከተማ ስምና ቀኑን ይጻፉ፤ አንዳንዶቹ ጭፍሮች ራሳቸው በጃኬታቸው ላይ የከተሞቹን ስም አስጽፈው ነበርና ይህ አዲስ ነገር አይሆንም። የአምሳያ ነጋዴዎችም ቆዳውን ይሽጡ፥ ቦምቡን ግን ይተዉት። ያልዘመተ ሰው የሚቈጥረው መትረፍ የለውም፤ ያልጣለ ሰውም የሚጠየቅበት ዕዳ የለውም። የሌላውን ሒሳብ በጀርባው ተሸክሞ ገበያ ለገበያ መዞሩ ለሞቱትም ለገደሉትም ክብር አይሆንም።