መሣሪያው ለመንገደኛው ወይስ መንገደኛው ለመሣሪያው?

የቴክኒክ ውጤት በራሱ ወገን የለውም፤ መልካምም ሆነ ክፉ የሚያደርገው ተጠቃሚው ብቻ ነው የሚል አባባል በየጊዜው ይሰማል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ የሠሪውን አገር ቋንቋ፣ የሠሪውን አገር ሰዓት፣ የሠሪውን አገር የስም አጻጻፍና ልማድ ይዞ ይወጣል። በመሆኑም ወደ ሌላ አገር ሲገባ በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው «ምን ያህል ይፈጥናል?» የሚለው ሳይሆን «የማንን ጉዳይ ያፈጥናል?» የሚለው ነው። ዛሬ ይህን ጥያቄ የምናነሣው ከፉሪ ተነሥተን ነው።

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ - ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በፉሪ ለቡ ጣቢያ ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡር መንገደኛውን ያወርድ የነበረው በከተማይቱ እምብርት፣ ስሙን ከፈረንሳይኛ በወረሰው በለገሃር ነበር። የዛሬው ባቡር ግን መንገደኛውን የሚቀበለው ቀድሞ በሰበታ ሥር በነበረችውና ዛሬ የሸገር ከተማ አንድ ክፍለ ከተማ በሆነችው በፉሪ በኩል ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ መሥመር መደበኛ አገልግሎቱን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከቻይና ኩባንያዎች እጅ ወጥቶ አስተዳደሩ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ባለሙያዎች ሥር ዋለ። እንግዲህ መሥመሩ በእጃችን ከገባ ዘንድ መንገደኛው በምን ዓይነት ሥርዓት ይስተናገድ የሚለው ጥያቄም የራሳችን ጥያቄ ሆኗል ማለት ነው።

በዓለም ዙሪያ በአየርና በባቡር ጣቢያዎች እየሰፋ ያለው አሠራር መንገደኛው ራሱን በራሱ የሚያስተናግድበት ነው። ቲኬቱን በስልኩ ይቆርጣል፤ ከመሣሪያው ፊት ቆሞ ይመዘገባል፤ የሻንጣውን ምልክት ራሱ ያትማል፤ ፊቱን ለካሜራ አሳይቶ በሩ ይከፈትለታል። በአገራችንም ጅምሩ አለ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚጓዝ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ ለበረራ መመዝገብ ይችላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያ በስልክ መፈጸም የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015ም ወጥቶ ፋይዳ የተባለው መታወቂያ በመዳረስ ላይ ይገኛል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ራስን የማስተናገድ አሠራር በፉሪ የሚሰፋበት ቀን ሩቅ አይሆንም።

እኛ ይህን አሠራር አንቃወምም። መሣሪያ ዘመድ አያውቅም፤ ጉርሻ አይጠብቅም፤ «ነገ ተመለስ» ብሎ መስኮት አይዘጋም። ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ መቀመጫ አልቋል የተባለ፣ ከኋላው የመጣ ሰው ግን ቲኬት ይዞ ሲሄድ ያየ መንገደኛ ሁሉ የመሣሪያውን ጥቅም ያለ ሰባኪ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ፍትሐዊነት ለሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። የማያውቀውን ሰው አያመላልሰውም፤ ፈጽሞ አያየውም።

ይህን በራሳችን ላይ ደርሶ አይተነዋል። በተማርንበት አገር፣ በአንድ ትልቅ የባቡር ጣቢያ፣ ገንዘብም ፓስፖርትም ይዘን በመሣሪያው ፊት ቆምን። መሣሪያው የሚያነብበው የአገሬውን ዜጎች መታወቂያ ብቻ ነበር። በግራና በቀኝ ያለው ሰው በአፍታ ሲያልፍ እኛ ቆመን ቀረን። በመጨረሻ ያሳፈረችን በአንድ ጥግ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ የነበረች ቲኬት ሻጭ ናት። ያ መስኮት ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በዚያን ቀን መንገደኛ አንባልም ነበር።

በፉሪ የሚሳፈረው ሰፊው ሕዝብ ከዚህ የበለጠ እንጂ ያነሰ ችግር አይጠብቀውም። በመጀመሪያ ደረጃ የሰዓት ጉዳይ አለ። ጠዋት በ2 ሰዓት የሚነሣ ባቡር በውጭ አገር አቆጣጠር በተሠራ ቲኬት ላይ 08:00 ተብሎ ይታተማል። ጸሐይ ስትወጣ ሰዓት መቁጠር የሚጀምር ሕዝብ ይህን አንብቦ ከምሳ በኋላ በ8 ሰዓት ቢመጣ ጥፋቱ የማን ነው? ቲኬት ሻጩ ሰው በሆነበት መስኮት ግን «በጠዋት ነው፣ እንዳያመልጥህ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች።

በሁለተኛ ደረጃ የስም ጉዳይ አለ። መሣሪያው የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ግን ያለን የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው። ጸጋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲገለበጥ በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በመታወቂያ ሌላ ዓይነት ሆኖ ቢገኝ ለሰው ዓይን አንድ ሰው ነው፤ ለመሣሪያው ግን ሁለት ሰው ነው። ድንበር በሚሻገር መሥመር ላይ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል።

በሦስተኛ ደረጃ የቋንቋ ጉዳይ አለ። ይህ መሥመር ኦሮሚያን፣ አፋርን፣ ሶማሌንና ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፍ ነው። እንግሊዝኛና አማርኛ ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ ፉሪ ላይ ቢተከል ጣቢያው የቆመበትን ምድር ቋንቋ እንኳ አያውቅም ማለት ነው። አፋን ኦሮሞን፣ ሶማሊኛንና አፋርኛን በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በድምፅም ጭምር መናገር ይኖርበታል፤ ማንበብ የማይችል መንገደኛም ሙሉ ዋጋ የሚከፍል መንገደኛ ነውና።

አንዳንድ ወገኖች «ሕዝቡ ገና አልነቃም፤ ሲለምድ ይስተካከላል» ይላሉ። ይህ አመለካከት ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ሕዝቡ ሰዓቱን፣ ስሙንና ቋንቋውን አሳምሮ ያውቃል። ያልተማረው መሣሪያው ነው። ሕዝቡ መሣሪያውን ይማር ከማለት አስቀድሞ መሣሪያው ሕዝቡን እንዲማር ማድረግ የገዢው መሥሪያ ቤት ግዴታ ነው።

ከእኛ በቴክኒክ የቀደሙ አገሮች የገጠማቸውም ይህንኑ ያረጋግጣል። በእንግሊዝ አብዛኞቹን የባቡር ጣቢያ ቲኬት መሸጫ ቢሮዎች ለመዝጋት እ.ኤ.አ. በ2023 የቀረበው ዕቅድ ወደ 750 ሺህ የሚጠጋ የሕዝብ አስተያየት ከቀረበበት በኋላ በዚያው ዓመት ተሰረዘ። በጃፓን የምሥራቁ የባቡር ኩባንያ ሰው ያለባቸውን መስኮቶች ከ440 ገደማ ወደ 140 ለማውረድ አቅዶ፣ ሰልፉ ሲበዛና መንገደኛው ሲያጉረመርም እ.ኤ.አ. በ2024 ቅነሳውን አቆመ። የፉሪን መሥመር የሠሩልን ኩባንያዎች አገር ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2020 አረጋውያን በዘመናዊ መሣሪያ ምክንያት ከአገልግሎት እንዳይገለሉ የሚያዝ መመሪያ አወጣች። እነርሱ ዘግተው ወይም ሊዘጉ ተነሥተው የተጸጸቱበትን መስኮት እኛ በዘመናዊነት ስም ለመዝጋት የምንቸኩልበት ምክንያት አይኖርም።

የጸጥታውም ጉዳይ ከዚህ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። መፈተሻ መሣሪያ ዕቃን ያያል፤ ሐሳብን አያይም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የጠለፉት ሦስት ሰዎች ቦምብ ይዘናል ብለው አስፈራሩ እንጂ በእጃቸው የጨበጡት መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ የአውሮፕላኑ የራሱ ንብረት ነበር። አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ በኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲያርፍ ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። 50 ሰዎች የተረፉት ካፒቴን ልዑል አባተ እስከ መጨረሻይቱ ደቂቃ መሪውን ባለመልቀቁ ነው። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሮም ይበር በነበረ አውሮፕላን ላይ ረዳት አብራሪው፣ ዋናው አብራሪ ለአፍታ ሲወጣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ አውሮፕላኑን ወደ ጄኔቭ ወሰደው። ከ2001 እ.ኤ.አ. የሽብር ጥቃት በኋላ በመላው ዓለም የተጠናከረው ያ በር ጠላፊውን ከውጭ ለማገድ የታሰበ ነበር፤ በዚያን ሌሊት ግን ያገደው ካፒቴኑን ነው። ሁለቱም ድርጊቶች የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያ የነቃ፣ የሠለጠነና በሥራው የተከበረ ሰውን ያግዛል እንጂ አይተካም።

ፊትንና የጣት አሻራን የሚመዘግብ መሣሪያ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። የይለፍ ቁጥሩ የተሰረቀበት ሰው ቁጥሩን ይለውጣል፤ ፊቱን ግን አይለውጥም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ አንድ እርምጃ ነው። አዋጁ ትርጉም የሚኖረው ግን ፉሪ ላይ ፊቱን ለካሜራ የሰጠ መንገደኛ ምስሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይና ማን እንደሚያየው በበሩ ላይ በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ ሲያገኝ ብቻ ነው።

በመጨረሻም የጥገና ነገር አለ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት ከመሥመር ወጡ። ግዙፉ ባቡር በመለዋወጫ እጦት የሚቆም ከሆነ ትንሿ የቲኬት ማሽን የማትቆምበት ምክንያት የለም። ያን ጊዜ መስኮቱም ተዘግቶ፣ ሠራተኛውም ተበትኖ ከሆነ መንገደኛው ከጨለመ ስክሪን ፊት ይቀራል።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። መሣሪያው ይግባ፤ ሰው ያለበት መስኮት ግን ከጎኑ ይኑር፣ ጥሬ ገንዘብም ይቀበል፣ በመስኮት የገዛም ተጨማሪ ዋጋ አይጠየቅ። ሰዓቱ በአገራችን አቆጣጠር ይታተም። መሣሪያው የመሥመሩን ቋንቋዎች ይናገር። ጠጋኙ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይሠልጥን እንጂ መሣሪያው ከተበላሸ በኋላ አይፈለግ። ቲኬት ሻጩም አይባረር፤ ከመስታወቱ ጀርባ ወጥቶ መንገደኛውን የሚመራ ይሁን። እነዚህ ሲሟሉ መሣሪያው ሰልፉን ያሳጥራል፤ ካልተሟሉ ግን ሰልፉን የሚያሳጥረው መንገደኛውን በመቀነስ ይሆናል።

ባቡር ጣቢያ የመልካም አስተዳደሩ መለኪያ ቀድሞ የገባው ሰው ፍጥነት አይደለም። ከመኢሶ ጤፍና በርበሬ ሊያደርሱ የመጡት፣ ስልክም ፊደልም የሌላቸው እናት ሳይሸማቀቁ ገብተው፣ ተከብረው ተፈትሸው፣ በሰዓታቸው መሳፈራቸው ነው። የፉሪ በር ለእርሳቸው ከተከፈተ ለሁላችንም ተከፍቷል።