«ቤተ ልሔም» ሲባል ጥያቄው ያበቃል፤ «ሪፍት ቫሊ» ሲባልስ?

ድጓ የተማረ ሰው «የት አስመሰከርክ?» ሲባል «ጋይንት፣ ቤተ ልሔም» ካለ ሌላ ጥያቄ የለም። የቦታው ስም ራሱ ዋስትና ነው።

ፈረንሳዮች ይህንኑ በወይን ጠጅ ሠርተውታል። ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠርሙስ ላይ «ቦርዶ» ብሎ ለመጻፍ ወይኑ እዚያው አፈር ላይ መብቀል፣ በተፈቀደው ዝርያና አሠራር መጠመቅ አለበት።

የቦርዶው ካስቴል እኛ ጋ መጥቶ ዝዋይ (ባቱ) አሸዋማ አፈር ላይ ሜርሎና ሲራ ተከለ፤ ጠርሙሱ በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ ወጣ። ስሙስ? «አካሺያ» እና «ሪፍት ቫሊ»። ግራር የሌለበት አገር የት አለ? ስምጥ ሸለቆም እኮ ከአፋር አርባ ምንጭ ድረስ ነው! ደግሞ ሁለቱም የኩባንያው መለያዎች ናቸው።

ለሲዳሞ፣ ለሐረርና ለይርጋ ጨፌ ቡና መንግሥት ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ በ2007 እ.ኤ.አ. ስምምነት ላይ ደርሷል። ነገ አንድ የባቱ ገበሬ የራሱን ወይን ቢጠምቅ ግን በማን ስም ሊሸጠው ነው?