ለአንድ ቁጥር ብለን ቤት አንቀይር



እዚህ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ከሶላት በኋላ ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ የፊቅህ አይደለም። «ኡስታዝ፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት 4 ነው የተሰጠው፤ ቤት እንቀይር ወይ?» የሚል ነው። ስልካቸውን አውጥተው ቁጥሩን ያሳዩናል። እኛ መድረሳ ያደግን፣ ኢማሙን የምናግዝ ሰዎች ነን እንጂ የትምህርት ባለሙያዎች አይደለንም። ነገር ግን ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን የምናስቀራው እኛ ነን፤ ወላጅ ሲጨነቅ የሚመጣውም ወደኛ ነው። ስለዚህ ነገሩን ቁጭ ብለን አየነው።

በመጀመሪያ ያጋጠመንን እንንገራችሁ። አንድ ወንድማችን ሲልቨር ስፕሪንግ ከነበረበት አፓርትመንት ለቆ፣ ትምህርት ቤቱ 8 ወደተሰጠው ሰፈር ገባ። ኪራዩ ከአቅሙ በላይ ሆነ። ቀን ታክሲ እየነዳ ማታ ፓርኪንግ ይሠራ ጀመር፤ ባለቤቱም የቅዳሜ ሥራ ጨመረች። ልጆቹ ቅዳሜ ከኛ ቀሩ። ከዓመት በኋላ ስናገኘው «ትምህርት ቤቱስ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ልጆቼን የማያቸው ተኝተው ነው» አለን። መልስ አጣን።

ይህ ከ1 እስከ 10 የሚሰጥ ቁጥር ምንድን ነው? ቤት የሚፈለግባቸው ድረ ገጾች ላይ የምናየው ሲሆን፣ ዋናው መሠረቱ ልጆች በስቴቱ ፈተና ያመጡት ውጤት ነው። በሜሪላንድ ደግሞ ይህ የንባብና የሒሳብ ፈተና የሚጀምረው ከ3ኛ ክፍል ነው። ስለዚህ የኬጂ፣ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች በውጤቱ ውስጥ የሉበትም። ልጃችሁ ኬጂ የሚገባ ከሆነ፣ ቁጥሩ ስለሚያስተምረው ክፍል የሚነግራችሁ ነገር በጣም ትንሽ ነው።

በመድረሳ ያየነው ነገር ይህን ለመረዳት ይጠቅማል። አባቱ ሓፊዝ የሆነ ልጅ ወደኛ ሲመጣ ግማሽ ጁዝእ ይዞ ነው። ሌላው አሊፍ፣ ባ ገና ይቆጥራል። በዓመቱ መጨረሻ የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ስለያዘ ብቻ የሱ ኡስታዝ ይበልጣል ማለት ይቻላልን? አይቻልም። ኡስታዙ የሚለካው ልጁ ከነበረበት ምን ያህል ተራመደ በሚለው ነው። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። በካውንቲው ከ130 በላይ ኤለመንታሪ ትምህርት ቤቶች አሉ። የሚመራቸው አንድ ቦርድ ነው፤ የመምህራን የደመወዝ እርከንም አንድ ነው። እናትና አባቱ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገሩለት፣ ትርፍ አስጠኚ የሚቀጠርለት ልጅ የበዛበት ትምህርት ቤት ግን ፈተናው ላይ ቀድሞ ይታያል።

ታዲያ ትምህርት ቤት ሁሉ እኩል ነው፣ ልዩነት የለም እያልን ነውን? አይደለም፤ እውነቱን እንነጋገር። ሄዘር ሽዋርትዝ የተባለች ተመራማሪ በዚሁ በኛ ካውንቲ ያደረገችው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቷል። ከ2001 እስከ 2007 ድረስ በመንግሥት ቤቶች የሚኖሩ 858 የኤለመንታሪ ልጆችን ተከታትላለች። ቤተሰቦቹ ሰፈራቸውን አልመረጡም፤ በዕጣ ነው የደረሳቸው። ድሃ ልጆች ጥቂት በሆኑበት ትምህርት ቤት የገቡት፣ ካውንቲው ተጨማሪ ገንዘብ ካፈሰሰባቸው ትምህርት ቤቶች ከተማሩት እኩዮቻቸው በልጠው ተገኙ፤ በተለይ በሒሳብ።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ቤት መቀየር ትክክል ነው» ሊል ይችላል። እኛ ግን ሁለት ነገር እናስተውል እንላለን። አንደኛ፣ እነዚያ ቤተሰቦች የሚከፍሉት ኪራይ በገቢያቸው ልክ ነበር፤ ለሰፈሩ ሲሉ ሁለተኛ ሥራ አልያዙም። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ልጆቹ እዚያው ለዓመታት ከቆዩ በኋላ ነው። የጠቀማቸው የተረጋጋ ቤትና የተረጋጋ ትምህርት ቤት አብሮ መሆኑ ነው። በየሁለት ዓመቱ ቁጥር እያሳደደ የሚቀያይር ሰው ይህን አያገኘውም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ወደተሻለ ሰፈር መሄድ የምትፈልጉ፣ ካውንቲው ከ1974 ጀምሮ ያለውን መካከለኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የቤት ፕሮግራም ጠይቁ። በአዳዲስ ሕንፃዎች ከሚሠሩት ቤቶች የተወሰኑት በቅናሽ ዋጋ እንዲሰጡ ሕጉ ያስገድዳል። ለኪራይም ስላለ ወለድ ውስጥ መግባት የለበትም።

ባላችሁበት የምትቆዩ ደግሞ የስቴቱን የትምህርት ቤቶች ሪፖርት ካርድ ክፈቱ። ከኮከቡ በታች ውረዱ። ልጆቹ ካለፈው ዓመት ምን ያህል አደጉ የሚለውን ተመልከቱ። እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች ለብቻቸው ምን አመጡ የሚለውን አወዳድሩ፤ የኛ ልጆች ብዙ ጊዜ እዚያ ናቸውና። ከትምህርት ቀናት 10 በመቶና ከዚያ በላይ የሚቀሩ ልጆች ስንት እንደሆኑም ተጽፏል።

ከዚያ በአካል ሂዱ። ባለፈው ዓመት ስንት መምህር ለቀቀ? ልጄ በንባብ ወደኋላ ቢቀር በየትኛው ሳምንት ታውቃላችሁ? ማን ይደውልልኛል? ብላችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ካውንቲውም በአማርኛ መረጃ ያወጣል። የ9 ዓመት ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ መምህሩ ስለሱ የሚናገረውን ክፉ ነገር በትክክል ይነግረናል ብለን አንጠብቅ።

የመጨረሻው ነገር ያማል። ስለ ትምህርት ቤቱ ዝቅተኛነት አብዝተን የምናወራው ብዙዎቻችን የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝተን አናውቅም። እኛም ራሳችን ጭምር። አንድ ቁጥር አይተን ከሸሸን፣ ትቶ መሄድ ላልቻለው ጎረቤታችን ልጅ ማን ይናገርለታል? እሱም የኛ አማና ነው።

ሪፖርቱን አብሮ የሚያነብላችሁ ሰው የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ቅዳሜ ልጆቹ ሲቀሩ እኛ ከወላጆች ጋር እንቀመጣለን ኢንሻአላህ። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።