ሙቀትን የሚያይ ዐይን

በብዙ ከተሞች በመንገድ ዳር የሚሄደው የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ውሃውን ሳያጣራ በቀጥታ ወደ ወንዝ ያደርሳል። እንግዲህ አንድ ሰው የሽንት ቤቱን ቧንቧ በስውር ወይም በስሕተት ከዚሁ ቦይ ጋር ቢያገናኝ፥ ቆሻሻው ከወንዙ በታች ላሉት ሰዎች ይደርሳል። ቧንቧው ግን ከመሬት በታች ነውና ማን ያየዋል?

በአሜሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣውና በ1987 የተሻሻለው የውሃ ንጽሕና ሕግ ይህን የመከላከል ኀላፊነት በከተሞች ላይ ጣለ። ከሚፈልጉበትም ዘዴ አንዱ ሙቀትን የሚያነሣ ካሜራ በአይሮፕላን መጫን ነው። በረራው በብርድ ወራት፥ ቅጠል ከረገፈ በኋላ፥ ፀሐይ ሳትወጣ ይደረጋል። የቤት ፍሳሽ በዚያን ጊዜ ከወንዙ ውሃ ስለሚሞቅ፥ በሥዕሉ ላይ ተለይቶ ይታያል።

ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ንጹሕ የምንጭ ውሃም በብርድ ወራት ከወንዝ ይሞቃል፤ ካሜራው ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ ሠራተኛው ወርዶ ውሃውን በጠርሙስ ሳይቀዳ፥ አሞኒያና ሳሙና እንዳለበት ሳያስመረምር፥ በማንም ላይ አይፈረድም። ካሜራው ጠቋሚ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ምልክት አይቶ መጠርጠር ደግ ነው፤ ሳያጣሩ መክሰስ ግን ንጹሑን ምንጭ ከቆሻሻው ጋር አብሮ መቅጣት ነው።