ስለ ልብ መድኃኒትና ስለ ዳገት

የአሰላ ሰው የጭላሎን ዳገት ከልጅነቱ ይለምደዋል፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ1965 ዓ.ም. የተወለደው በዚሁ አገር ነው። ነገር ግን ስለ ደም ብዛት ፕሮፕራኖሎል የሚውጥ አባት ዳገቱ ቢከብደው ስንፍና አንበለው። መድኃኒቱ ልብ በኃይል እንዳይሮጥ ስለሚገታ፥ በብርቱ ድካም ጊዜ ለጡንቻ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ የሰውነትም ስብ ቀልጦ ኃይል እንዳይሆን ያዘገያል። አስም ላለበት ሰው ደግሞ የሳንባን ቧንቧ ያጠባልና ብርቱ አደጋ አለው፤ ይህን ከሐኪሙ የሸሸገ ራሱን በደለ። ኢንሱሊን የሚወስድም፥ ስኳሩ ሲወርድ የልቡ ትርታ ላያስጠነቅቀው ስለሚችል ላቡን ይመልከት። ድንገት ማቋረጥ ልብን ስለሚጎዳ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይተወው። የልቡን ምት እየቆጠረ ድካሙን የሚለካ ሰው ግን በቁጥሩ ይታለላል፤ ዳገቱን ሲወጣ ከባልንጀራው ጋር ማውጋት ከቻለ ልኩ ያ ነው።